ጣልያንኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን፦ ለሥነ ልሳን ጀማሪዎች

ሁለት ቋንቋ አወዳድሩ የሚል የቤት ሥራ ሲሰጥ ተማሪው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ሠንጠረዥ ያሰምራል። በግራ ጣልያንኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። አናባቢ ስንት? ሰባት፣ ሃያ ገደማ። ስሞች ጾታ አላቸው? አዎ፣ የላቸውም። ባለቤት (የዓረፍተ ነገሩ ፈጻሚ) ይጣላል፣ ማለትም ሳይጠራ ይቀራል? አዎ፣ አይጣልም። ገጹ ይሞላል፣ ነጥቡም አይከፋም። ግን እውነቱን ለመናገር እንዲህ ዓይነት ሠንጠረዥ ስለ ቋንቋ እምብዛም የሚነግረን ነገር የለም። ልዩነቶቹ ለየብቻቸው የቆሙ አይደሉማ። አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ቋንቋው እዚህ ጋ የለቀቀውን እዚያ ጋ በሌላ መንገድ ይይዘዋል፣ እዚያ ሲይዝ ደግሞ ሌላ ቦታ ይጠበዋል። የመግቢያ ኮርሱ ጣዕም ያለው ይህን ተከትሎ መሄድ ላይ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ለዚህ ሥራ ጥሩ ቦታ ላይ ነው ያለው። ጣልያንኛና እንግሊዝኛ ሁለቱም ከሕንድ-አውሮፓ ቤተሰብ ናቸው፤ አማርኛ ሴማዊ ነው፣ ለሁለቱም ባዳ። ሆኖም ሳይዛመድ በብዙ ነገር ከጣልያንኛ ጋር ይገጥማል። እንግሊዝኛ ላይ እኛን የሚያስቸግረን ነገር ብዙ ጊዜ ጣልያኑንም ያስቸግረዋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ማን መሸ?

«መሸ።» በቃ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ማን መሸ? ማንም። ጥያቄው ራሱ ያስቃል።

ጣልያንኛም እንዲሁ ነው። ሲዘንብ «ፒዮቬ» ይላሉ፤ አንድ ቃል። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ጋ ይቸገራል። «ሬይንስ» ብሎ ዝም ማለት አይችልም፣ «ኢት ሬይንስ» ማለት አለበት። ያቺ «ኢት» ምን ትጠቁማለች? ሰማዩን? ደመናውን? ምንም አትጠቁምም። የባለቤት ቦታ ባዶ እንዳይሆን ብቻ የተቀመጠች ናት።

ምክንያቱን ፍለጋ መጀመሪያ የሚታየው የግሱ ጫፍ ነው። ጣልያንኛ «መናገር» የሚለውን ግስ ሲያረባ ፓርሎ፣ ፓርሊ፣ ፓርላ፣ ፓርሊያሞ፣ ፓርላቴ፣ ፓርላኖ ይላል። ስድስት ሰው፣ ስድስት ቅርጽ። ባለቤቱ ግሱ ውስጥ ስላለ ደግሞ ለብቻው መጥራት አያስፈልግም። እኛም እናገራለሁ፣ ትናገራለህ፣ ትናገሪያለሽ እንላለን፤ እንዲያውም ሴትና ወንድን በመለየት ጣልያንኛን እንበልጠዋለን፣ እነሱ «ፓርሊ» ካሉ ለወንድም ለሴትም ነው። እንግሊዝኛ የቀረው ስፒክ እና ስፒክስ ነው። ከዚያ ሁሉ ቅጥያ የተረፈችው አንዲት «ስ» ናት፣ እሷም ብቻዋን ሥራውን አትችለውም።

ይህ ጉዳይ በሥነ ልሳን ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ሊቅ ኖም ቾምስኪ በ1979 ጣልያን አገር ፒዛ ከተማ ውስጥ ተከታታይ ንግግር ሰጥቶ ነበር፤ በ1981 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የአገባብ (የዓረፍተ ነገር አሠራር) ተመራማሪዎች ጣልያንኛን እያገላበጡ ያጠኑት አለምክንያት አይደለም። የሰው ቋንቋ ሁሉ በመሠረቱ አንድ ነው፣ የሚለያዩት በተወሰኑ ነጥቦች ላይ ነው፣ እነዚያ ነጥቦች «አዎ» ወይም «አይ» ሲባሉ ደግሞ ብዙ ነገር አብሮ ይለወጣል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ባለቤትን መጣል የዚህ ሐሳብ ዋና ማሳያ ሆነ።

ታዲያ አብረው የሚለወጡት ነገሮች ምንድን ናቸው? አንደኛው ባለቤቱ ከግሱ በኋላ መምጣት መቻሉ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ሂሳብ ሲመጣ ጣልያኑ እጁን ወደ ኪሱ እየሰደደ «ፓጎ ኢዮ» ይላል። ቃል በቃል «እከፍላለሁ እኔ»። ቦታ አቀያይሮ «ኢዮ ፓጎ» ቢል ሰዋስዉ አልተሳሳተም፣ ግን የሌላ ጥያቄ መልስ ይሆናል፤ «እኔ በበኩሌ እከፍላለሁ፣ እናንተን አላውቅም» ዓይነት። እንግሊዙ ቃላቱን ከቦታቸው ሳያነሳ «አይ» ላይ ድምፁን ጫን ያደርጋል። ቦታ መቀየር አይችልም፣ ስለዚህ ሥራውን ለድምፅ ሰጠው። እኛስ? «እኔ ነኝ የምከፍለው» እንላለን። ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ከፍለን «ነኝ»ን መሐሉ እናስገባለን፤ «በሞቴ» የሚለውን ሳንጨምር ማለት ነው። አንድ ሂሳብ፣ ሦስት ከፋይ፣ ሦስት ዘዴ።

ሁለተኛው ትንሽ ጠለቅ ይላል፣ ግን ታገሱኝ፣ ያዋጣል። «ማን ይመጣል ብለህ ታስባለህ?» የሚለውን ጥያቄ ውሰዱ። ጣልያንኛው «ኪ ክሬዲ ኬ ቬራ?» ነው። መሐል ላይ ያለችው «ኬ» ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች የምታያይዝ ናት፣ ግዴታም ናት። እንግሊዝኛ ላይ የእሷ አቻ «ዛት» ናት። አሁን «ሁ ዱ ዩ ቲንክ ዛት ዊል ከም?» በሉ። የአብዛኛውን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ይጎረብጠዋል። «ዛት»ን አውጧት፣ ወዲያው ይስተካከላል። የሚገርመው ደግሞ ስለ ተሳቢው ስትጠይቁ፣ ማለትም «ማንን አየች ብለህ ታስባለህ?» ስትሉ፣ «ዛት» ኖረችም አልኖረችም ችግር የለም። ይህን ለልጇ ቁጭ ብላ ያስተማረች እናት የለችም፤ ልጁ ግን ያውቀዋል።

ሉዊጂ ሪትሲ የተባለው ጣልያናዊ ሊቅ በ1982 ያቀረበው ማብራሪያ ከምግብ ቤቱ ሂሳብ ጋር የሚገናኝ ነው። ጣልያንኛ ባለቤቱን ከግሱ ኋላ ማስቀመጥ ይችላል ብለናል፣ «ፓጎ ኢዮ»። እንግዲያው «ኪ» ወደ ጥያቄው መጀመሪያ የተነሳችው ከዚያ ከኋላው ቦታ ነው፣ ከአያያዥዋ አጠገብ አይደለም። እንግሊዝኛ ያ የኋላ ቦታ ስለሌለው «ሁ» ልትነሳ የምትችለው «ዛት» ጎን ካለው ቦታ ብቻ ነው፣ እዚያ ደግሞ ይከለከላል። ዝናብ፣ የምግብ ቤት ሂሳብና ይህ እንግዳ ጥያቄ መጀመሪያ ሲያዩአቸው ምንም አያገናኛቸውም። ግን አንድ ምክንያት ነው የሚያስተዳድራቸው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ማስጠንቀቂያ። «የግስ ቅጥያ ከበዛ ባለቤት ይጣላል» ብላችሁ ፈተና ላይ በደፈናው እንዳትጽፉ። ጀርመንኛ ከእንግሊዝኛ የተሻለ ቅጥያ አለው፣ ባለቤቱን ግን አይጥልም። ቻይንኛ ግሱ ላይ ማንነትን የሚነግር አንድም ቅጥያ የለውም፣ ባለቤቱ ከጨዋታው ከታወቀ ግን ይተወዋል። ስለዚህ የቅጥያ ሀብት አንዱ መንገድ ነው፣ ብቸኛው አይደለም። ሐሳቡም ባለፉት ዓመታት ብዙ ተሸርሽሯል። ሆኖም የጣልያንኛና የእንግሊዝኛው ንጽጽር እስካሁን ከተገኙት ማሳያዎች ሁሉ ግልጹ ይመስለኛል።

ግሱ የት ነው የቆመው?

እንግሊዝኛ ድሮ እንዲህ ባዶ አልነበረም። ከ1066ቱ የኖርማን ወረራ በፊት የነበረው የጥንቱ እንግሊዝኛ ስሙም ግሱም ቅጥያ ነበረው። ቅጥያዎቹ የተበሉት ቀስ እያሉ ነው። የቃሉ ጫና (ድምፁ ጠንከር የሚልበት ቦታ) መጀመሪያው ላይ ስለሚያርፍ መጨረሻው እየደከመ ሄደ፤ በሰሜን በኩል ከሰፈሩት ስካንዲኔቪያውያን ጋር መደባለቁም ነገሩን አፋጠነው። ቅጥያው ሲሄድ ማን ማንን እንደነከሰ የሚናገረው የቃላቱ ቅደም ተከተል ሆነ። እኛ «ን» አለችን፤ «ውሻው ሰውየውን ነከሰው» አልን «ሰውየውን ውሻው ነከሰው» አልን የተነከሰው ሰውየው ነው። እንግሊዝኛ ላይ ቃላቱን ብታገላብጡ ሰውየው ውሻ ነካሽ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ጣልያንኛም የላቲንን የስም ቅጥያዎች አጥቷል፣ የግሱን ግን አልለቀቀም። ለዚህ ይመስላል ግሱ እንደልቡ የሚንቀሳቀሰው። «ማንጆ ስፔሶ ላ ፓስታ» ይላሉ፤ እበላለሁ፣ ብዙ ጊዜ፣ ፓስታ። ግሱ «ብዙ ጊዜ»ን አልፎ ወጥቷል። እንግሊዝኛ «አይ ኦፍን ኢት ፓስታ» ነው፤ ግሱ ከ«ኦፍን» ኋላ ቀርቷል። ፈረንሳዊው የሥነ ልሳን ሊቅ ዣን ኢቭ ፖሎክ በ1989 ይህን በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ አሳይቶ ክርክሩን አቀጣጠለው፤ ጣልያንኛም በአመዛኙ ከፈረንሳይኛው ወገን ነው።

እዚህ ላይ የእንግሊዝኛዋ «ዱ» ትመጣለች። ብዙ ተማሪ «ዱ» ለምን እንዳለች ጠይቆ አያውቅም፣ በቃ ትጻፋለች። ጣልያኑ ሲጠይቅ «ፓርሊ ኢታሊያኖ?» ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ልክ እኛ «ጣልያንኛ ትናገራለህ?» እንደምንለው። እንግሊዝኛም ድሮ ግሱን ራሱን ከባለቤቱ ፊት አውጥቶ ይጠይቅ ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይህ እየቀረ ሄደና «ዱ» ተተካች። ግሱ መንቀሳቀስ ሲያቆም የሚንቀሳቀስለት ተላላኪ ተቀጠረለት በሉት።

ስለ ቅጥያ ካነሳን አይቀር አንድ የምወዳት ቃል አለች። «ዳሜሎ።» ዳ ስጥ ነው፣ ሜ ለእኔ፣ ሎ እሱን። ሦስቱ ተጣብቀው አንድ ቃል ሆኑ። እንግሊዝኛ «ጊቭ ኢት ቱ ሚ» ብሎ አራት ቃል ያወጣበታል። አማርኛ «ስጠኝ» ሲል ሁለቱን ይጠቀልላል፣ የሚሰጠውን ነገር ግን ቅጥያ አድርጎ መጨመር አይችልም። የእኛ ግስ ባለቤትን ጨምሮ ብዙ ነገር ይሸከማል፣ ሁለት ተሳቢ ግን አይሸከምም።

ጠብቆ፣ ላልቶ

ወደ ድምፅ እንምጣ፤ አማርኛ ተናጋሪ የሚኮራው እዚህ ነው። ጣልያንኛ ተነባቢ ይጠብቃል። «ፓላ» ላልቶ አካፋ ነው፣ ጠብቆ ኳስ። «ኖኖ» ላልቶ ዘጠነኛ፣ ጠብቆ አያት። ፓስታ ስታዙ «ፔኔ»ን አጥብቋት፤ ከላላች የወንድ ብልት ስም ናት፣ አስተናጋጁም ሳቁን ለመያዝ ይቸገራል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ልዩነት ለመስማት ሳምንታት ይፈጅበታል። እኛ ገና ከመወለዳችን ገናን ስናከብር ነው ያደግነው። ሰፊና ሰፊ፣ ዋናና ዋና፤ አንዱ ልብስ ይሰፋል፣ አንዱ ጠባብ አይደለም፤ አንዱ ውኃ ውስጥ ነው፣ አንዱ ከሁሉ በላይ።

አሁን ሦስቱን ቋንቋዎች አሰልፉና ጽሕፈታቸውን እዩ። ጣልያንኛ ይጠብቃል፣ ሲጽፍም ፊደሉን ይደግማል። አማርኛ ይጠብቃል፣ ግን አይጽፈውም። እንግሊዝኛ ፊደሉን ይደግማል፣ ግን አያጠብቅም! «ሆፒንግ» ሲጻፍ አንድ ፒ ከሆነ ተስፋ ማድረግ ነው፣ ሁለት ፒ ከሆነ በአንድ እግር መዝለል ነው፤ የፒው ድምፅ ግን በሁለቱም ያው ነው። ድርቡ ፊደል የሚናገረው ስለራሱ አይደለም፣ ከፊቱ ያለው አናባቢ የተለየ መሆኑን ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ የረዘመ ተነባቢ የሚሰማው ሁለት ቃላት ወይም ሁለት ምዕላዶች (ትርጉም ያላቸው የቃል ክፍሎች) ሲገጣጠሙ ነው፤ «ቡክኬዝ» እንደሚለው።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ፕራት የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፣ አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራ፣ የሥነ ድምፅ ተማሪ ሁሉ የሚጠቀምበት። ጣልያን ጓደኛ ካላችሁ «ፓላ»ን ሁለቱንም ዓይነት አስብላችሁ ቅዱ፣ ከዚያ የ«ል»ን ርዝመት ለኩ። አንድ ነገር ታያላችሁ፦ ተነባቢው ሲረዝም ከፊቱ ያለው «ኣ» ያጥራል፣ ተነባቢው ሲያጥር «ኣ» ይረዝማል። ጣልያኑ ጆሮ ሁለቱንም ምልክት አብሮ ነው የሚያዳምጠው። ከዚያ የራሳችሁን «ዋና» ቅዱና አወዳድሩ።

ሦስት «ኣ» ያላት ባናና

አናባቢ ላይ ግጥምጥሞሽ አለ። ጣልያንኛ ጫና ባረፈበት ቀለም (እንደ ባ-ና-ና ያለ የቃል ክፍል) ላይ ሰባት አናባቢ አለው፣ አማርኛም ሰባት። አትታለሉ፣ ሰባቱ አንድ አይደሉም። የእኛ ግዕዝና ሳድስ እነሱ ጋ የሉም፤ እነሱ ደግሞ «ኤ»ንና «ኦ»ን በጠባብና በሰፊ ይለያሉ። «ፔስካ» በጠባቡ ኤ ዓሣ ማስገር ነው፣ በሰፊው ኤ ኮክ። (ይህን የማይለዩ የጣልያን አካባቢዎች ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ ካልሰማችሁት አይግረማችሁ።) የብሪታንያው መደበኛ እንግሊዝኛ ድርብ አናባቢዎቹ ሲቆጠሩ ሃያ ገደማ ይደርሳል። መርከብና በግ፣ «ሺፕ» እና «ሺፕ»፤ አያችሁ፣ በፊደላችን መለየት እንኳ አልቻልኩም። ጣልያኑም አይችልም።

ትልቁ ልዩነት ግን ቁጥሩ አይደለም። «ባናና» (ሙዝ) የሚለው ቃል ጣልያንኛም እንግሊዝኛም ውስጥ አለ። ጣልያኑ ሦስቱንም «ኣ» ሙሉ አድርጎ ይጠራል። እንግሊዙ መሐለኛዋን ብቻ ሙሉ ያደርግና ሁለቱን ወደ ደበዘዘ፣ ለግዕዛችን ወደሚቀርብ ድምፅ ያወርዳቸዋል። ጫና ያላረፈበት ቀለም ይሟሽሻል። ዓረፍተ ነገር ሙሉ እንዲህ ሲሆን አስቡት። ጣልያን ተማሪ እንግሊዝኛ ፊልም ሲያይ «ቃላቱን ይውጣሉ» የሚለው፣ እኛም የምንለው፣ ለዚህ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ሊቅ ኬኔት ፓይክ በ1945 ቋንቋዎችን በዚህ ለሁለት ከፈላቸው፤ በጫና የሚመታ ምት ያላቸውና በቀለም የሚመታ ምት ያላቸው። እንግሊዝኛ ጫናዎቹ መካከል እኩል ጊዜ ይጠብቃል፣ ጣልያንኛ እያንዳንዱን ቀለም እኩል ያስረዝማል ተባለ። ያምራል፣ ግን መሣሪያ ይዘው ሲለኩት እኩልነቱ አልተገኘም። በ1999 ሦስት ተመራማሪዎች ጥያቄውን ገለበጡት፤ ከንግግሩ ጊዜ ምን ያህሉ አናባቢ ነው ብለው ለኩ። ጣልያንኛ 45 በመቶ፣ እንግሊዝኛ 40 በመቶ ገደማ ሆነ። ተነባቢዎቹ የሚይዙት ጊዜም እንግሊዝኛ ላይ ይበልጥ ይዋዥቃል። «ምቱ» የሚመጣው ከሰዓት ቆጠራ ሳይሆን ቃላቱ ከተሠሩበት ነገር ነው ማለት ነው፤ እንግሊዝኛ ተነባቢ ይከምራል፣ አናባቢ ያሟሽሻል፣ ጣልያንኛ ሁለቱንም አያደርግም።

ጣልያንኛ ቃሉን በአናባቢ መጨረስም ይወዳል። ወደ አማርኛ የገቡትን እዩ፦ ፋብሪካ፣ ቦርሳ፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ማኪያቶ። ከእንግሊዝኛ ወደ ጣልያንኛ የገቡት ፊልም፣ ስፖርት፣ ባር ግን በተነባቢ እንዳለቁ ቀሩ፤ እናም ጣልያንኛ ብዙ ቁጥር የሚሠራው መጨረሻ አናባቢውን በመለወጥ ስለሆነ እነዚህ የሚለወጥ ነገር የላቸውም፣ አንድም ፊልም ነው፣ አሥርም ፊልም።

እንደተጻፈ ይነበባል?

«ጣልያንኛ እንደተጻፈ ይነበባል» ይባላል። ከሞላ ጎደል። ጫናው የት እንደሚያርፍ ግን የሚጻፈው የመጨረሻው ቀለም ላይ ሲሆን ነው። «ካፒታኖ» ጫናው መጀመሪያው ላይ ከሆነ «ያጋጥማሉ»፣ «ታ» ላይ ከሆነ «ሻምበል»፣ መጨረሻው ላይ ከሆነ «መራ»። ከሦስቱ ምልክት ማድረግ ግዴታ የሆነው ሦስተኛው ላይ ብቻ ነው።

የእንግሊዝኛ ጽሕፈት የተበላሸው በጊዜ አጋጣሚ ነው። ዊልያም ካክስተን በ1476 ማተሚያውን ዌስትሚንስተር ላይ ሲተክል የእንግሊዝኛ ረጃጅም አናባቢዎች ገና ቦታ እየለወጡ ነበር፤ ለውጡ በግምት ከ1400 እስከ 1700 ቆይቷል። ጽሕፈቱ ቆመ፣ ንግግሩ ሄደ። «ናይት» (ባላባት ፈረሰኛ) ፊት ያለችው ዝም ያለች «ክ» ድሮ የምር ትጠራ ነበር። ጣልያንኛ በተቃራኒው ለረጅም ዘመን የብዙኃን አፍ መፍቻ አልነበረም። መሠረቱ የ14ኛው ክፍለ ዘመን የፍሎረንስ አነጋገር ነው፤ በ1583 የተመሠረተው የክሩስካ አካዳሚ በ1612 መዝገበ ቃላት አወጣለት። አገሪቱ በ1861 ስትዋሐድ ጣልያንኛ የሚናገረው ሕዝብ እንደ አንድ ግምት 2.5 በመቶ፣ እንደ ሌላው 10 በመቶ ገደማ ነበር፤ ሌላው በየክልሉ ቋንቋ ነው የሚያወራው። አብዛኛው ሰው ጣልያንኛን ከመጽሐፍ ነው የተማረው። ከጽሑፍ የተማሩት ቋንቋ እንደተጻፈ ቢነበብ ምን ይገርማል?

ዋጋውን የሚከፍሉት ልጆች ናቸው። በ2003 የወጣ የአሥራ ሦስት የአውሮፓ ቋንቋዎች ጥናት ላይ የአንደኛ ክፍል ማብቂያ ላይ ያሉ ጣልያን ልጆች የሚያውቋቸውን ቃላት ከ90 በመቶ በላይ በትክክል አነበቡ፤ የስኮትላንድ ልጆች በእንግሊዝኛ 34 በመቶ ገደማ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የንባብ ችግር ያለባቸው የጣልያን፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ተማሪዎች አንጎላቸው ሲታይ የድካሙ ቦታ አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ጣልያኖቹ ግን ከሌሎቹ የተሻለ በትክክል ያነቡ ነበር። ችግሩ አንድ፣ የሚጥላቸው ጽሕፈት ግን የተለያየ።

ዘመድና ብድር

ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው ብያለሁ። ማስረጃው የሚመሳሰሉ ቃላት አይደሉም፣ በሥርዓት የሚለያዩ ቃላት ናቸው። ጣልያንኛ «ፕ» ያለበት እንግሊዝኛ «ፍ» ይላል፦ ፓድሬና ፋዘር፣ ፒዬዴና ፉት፣ ፔሼና ፊሽ። ያዕቆብ ግሪም በ1822 ያስቀመጠው ሕግ ነው፣ ዴንማርካዊው ራስመስ ራስክም በ1818 አይቶት ነበር። እስራኤል የኖረ ሐበሻ ይህን ጨዋታ ያውቀዋል፦ ሻሎምና ሰላም፣ ሼምና ስም፣ ሮሽና ራስ፤ እነሱ «ሽ» ሲሉ እኛ «ስ»። ፊሊፖ ሳሴቲ የሚባል የፍሎረንስ ነጋዴም በ1580ዎቹ ሕንድ ሆኖ የሳንስክሪት ቁጥሮች ጣልያንኛውን ይመስላሉ ብሎ ወደ አገሩ ጽፏል፤ በጊዜው ልብ ያለው አልነበረም።

ግን እንግሊዝኛ «ፓተርናል» እና «ፔዳል»ም አለው። እነዚህ በ«ፕ» ነው የሚጀምሩት! ሕጉ ፈረሰ? አልፈረሰም፤ እነዚህ የተበደሩ ናቸው፣ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ፣ ብዙው ከ1066 በኋላ። ለዚህም ነው ጣልያን ተማሪ የእንግሊዝኛ የሕክምና መጽሐፍ ከፍቶ እንደ አገሩ ጋዜጣ እያነበበ ሄዶ፣ ውጭ ወጥቶ «ጌት»፣ «ጊቭ አፕ» እና «ፑት ኦፍ» ሲሰማ ግራ የሚገባው። ለእኛ ግን ሁለቱም ባዳ ናቸው፣ ከትናንሾቹ ነው የምንጀምረው።

ስለ አንቱታ በአጭሩ፦ ጣልያኑ የሚያከብረውን ሰው «ሌይ» ይለዋል፣ ቃሉ «እሷ» ማለት ነው፣ ግሱም በሦስተኛ ሰው ይረባል። ሙሶሊኒ በ1938 «ሌይ»ን አስቀርቶ «ቮይ»ን ሊተካ ሞክሮ አልዘለቀለትም። እንግሊዝኛ የአንተታዋን «ዛው» ጥሎ ሁሉንም «ዩ» አለ። ትልቁም ትንሹም አንቱ ተባለ እንጂ ሁሉም አንተ አልተባለም።

ለጥናት ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ ወደ ድርብ ፊደሉ ተመለሱ። በ2017 የወጣ ጥናት ላይ እንግሊዝኛ የተማሩ ጣልያኖች «ፊኒሽ» የሚለውን ቃል እንዲጠሩ ተደረገ፤ አንዱ ማለቅ ማለት ነው፣ በአንድ ኤን ይጻፋል፣ ሌላው የፊንላንድ የሆነ ማለት ነው፣ በሁለት ኤን ይጻፋል። እንግሊዞቹ ሁለቱን አንድ አድርገው ይጠራሉ። ጣልያኖቹ ግን ሁለት ኤን ያለውን አስረዘሙት፤ ፊደሉ አፋቸውን መራው። አማርኛ ተናጋሪ ሌላ ዓይነት ፈተና ነው፤ ጆሮው ጠብቆና ላልቶን ይለያል፣ ፊደሉ ግን ድርብን የጥብቀት ምልክት አድርጎ አላስተማረውም። የጣልያኖቹ መርዘም ከጆሮ ከመጣ እኛም ማስረዘም አለብን፣ ከፊደል ልማድ ከመጣ ግን የለብንም። ጥቂት ጓደኞች፣ ዝም ያለ ክፍልና ፕራት ይበቃል፤ ቃላቱን ብቻ ለየብቻ ሳይሆን ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብታችሁ አስነብቡ፣ ምን እየለካችሁ እንደሆነም አስቀድማችሁ አትንገሯቸው።